በተኳሹ ዓይን ሁለት የሆነው መስመር

ጎረቤቴ ልብስ ተኳሽ ነው። ፈጣሪ የሰጠውን ሥራ ሳያማርር ሃያ ሁለት ዓመት ካውያ ይዞ ኖሯል። ከዕለታት አንድ ቀን እጆቹ በችፌ ተሰነጣጥቀው ደሙ ነጭ ሸሚዝ ነካ፤ የላውንደሪው ባለቤትም፣ «ሁለተኛ ብትደግመው ሌላ ሰው አስገባለሁ» አለው። የቆዳ ሐኪሟ ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ እንክብል አዘዘችለት። «ራስዎን ካመመዎ ወይም ዓይንዎ ከደከመ አቁመው ይምጡ» ብላም አስጠነቀቀችው። እጁ በሦስት ወር ዳነ፤ እንዳይመለስበት ግን መድኃኒቱን መዋጡን ቀጠለ።

ቀኑን ሙሉ እርጥብ ወለል ላይ የሚውለው እግሩ ግን በፈንገስ ተላጠ። «ፕሮፌሰር» እያሉ የሚጠሩት አጣቢው ባልደረባው ከኪሱ ኬቶኮናዞል የሚባል ኪኒን አወጣ።

«እንካ ዋጥ! ሽታህን ካውያው እንኳ አልቻለውም።»

«ከእጄ መድኃኒት ጋር አይጣላም?»

«እጅና እግር የት ተገናኝተው ይጣላሉ፣ ወንድሜ?»

በሁለተኛው ሳምንት ራሱን ይወቅረው ጀመር። በሦስተኛው፣ አንዴ በተኮሰው ሱሪ ላይ ሁለት መስመር አየ። ቢናገር የእጁን መድኃኒት ይነጥቁታል፤ ዝም ቢል ዓይኑ ይሄዳል። ለሚስቱም ሳይነግር አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መተኮሱን ቀጠለ።

የእጁን መድኃኒት ከፋርማሲ ሊቀበል በሄደበት ቀን ፋርማሲስቷ እንደ ልማዷ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም፣ ልጄ።»

«ራስዎንስ አያምዎትም?»

«ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

በዚያ ቅዱስ ስም ሐሰቱን መሸፈኑ ፊቱን አጠቆረው። መዝገቡን ስታቀርብለት ከፊርማው ዓምድ አልፎ ቀን በሚጻፍበት ላይ ፈረመ።

«እዚህ ጋ ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

«ከሁለቱ በየትኛው?»

ፋርማሲስቷ እንክብሉን ወደ ራሷ ሳበች። «ዓምዱ አንድ ነው። እባክዎ፣ ምን እየወሰዱ ነው?»

ያን ጊዜ ሁሉን ነገራት።

«የእግሩ ኪኒን ጉበትዎ የእጁን መድኃኒት እንዳያስወግድ ያግደዋል» አለችው። «መድኃኒቱ እየተጠራቀመ ራስዎ ውስጥ ግፊት ሳያመጣ አልቀረም። ዛሬውኑ ዓይንዎን ይታዩ።»

«እጄስ?»

«እጅዎ ቢሰነጠቅ ይድናል። ዓይንዎ ከጠፋ ግን ማን ይመልሰዋል?»

የዓይን ሐኪሙ የዓይኑ ነርቭ አብጦ ስላገኘው ሁለቱንም መድኃኒት አስቆመው። በአምላክ ቸርነት ዓይኑ ከሰባት ሳምንት በኋላ ጠራ፤ የእጁ ስንጥቅ ግን ቀድሞት ተመልሶ ነበር። ዛሬ የጨርቅ ጓንት አጥልቆ ይተኩሳል። ማታ ማታ የላውንደሪው ባለቤት ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ወደ መብራቱ እያነሣ ይመረምራል፤ እርሱም የመጨረሻው እስኪቀመጥ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይጠብቃል።