የቢላ ሳዩ ድምፅ

ኑንዚያታን ቢጠይቋት፣ ስለ ሲኞር ኦቶሪኖ ብዙ አላውቅም ትላለች። እውነቷን ነው። ቴስታቾ በሚባለው የጣሊያን ሰፈር አንድ ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ኖሩ እንጂ ቤቱ ገብታ አታውቅም። እሷ መስኮቷ ሥር ልብስ ትተኩሳለች፤ እሱ የቢላ መሳያ ጎማውን እየገፋ፣ «ቢላ! መቀስ! የደነዘ ሁሉ!» እያለ ያልፋል። ልጁ ኤልቪራ ያን ጥሪ እየሰማች ነው ያደገችው። ተጣልታው ቶሪኖ ወደምትባል ሩቅ ከተማ ከሄደች ወዲህ ግን የት እንደምትኖር እንኳ አያውቅም።

በጸደይ ፊልም ሠሪዎች መጡ። የከተማውን ኑሮ የሚኖረውን ሰው እንጂ ተዋናይ አንፈልግም አሉና ኦቶሪኖን መረጡት። ጎማውን እየገፋ ተጣራ። ካሜራው ፊት ሲደርስ ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሆነ ነገር ተናገረ። ኑንዚያታ ከመስኮቷ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየች፤ ቃሉ ግን አልደረሳትም።

«ቶሪኖም ሲኒማ ቤት አለ አይደል?» አላት ያን ዕለት ደረጃው ላይ። «ልጄ ፊቴን ብትረሳ ድምፄን አትስተውም።»

ይህን ያህል አውርቷት አያውቅም።

ፊልሙ ሰፈራቸው ሲደርስ ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ኦቶሪኖ ክራባት አስሯል። ኑንዚያታ በወረቀት የተጠቀለለ ግብጦ ይዛ ከጎኑ ተቀመጠች። ኦቶሪኖ ጎማውን እየገፋ በሸራው ላይ ብቅ አለ፤ አፉን ከፈተ። የወጣው ግን የሌላ ሰው ድምፅ ነበር፤ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ የጠራ፣ ወፍራም።

«ኧረ ኦቶሪኖ! ማር ልሰህ ነው እንዴ የመጣኸው?» ሲል ሥጋ ሻጩ አውግስቶ ከኋላ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«አንተ ደግሞ ዝም በል!» አለችው ኑንዚያታ።

«ምን አጠፋሁ? ለትልልቆቹ ተዋናዮችም እኮ ሌላ ሰው ነው የሚናገርላቸው! መንገድ ላይ ድምፅ መች ይቀዳሉ!»

ኦቶሪኖ ግን የሚሉትን አልሰማም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ካሜራው ፊት ቆሞ የተናገረባትን ቦታ ይጠብቃል። ሸራው ላይ ያለው ኦቶሪኖ ቆመ፤ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም» አለ ወፍራሙ ድምፅ።

ወደ ቤት አብረው ተመለሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ኑንዚያታ እንደምንም ደፈረች።

«ሲኞር ኦቶሪኖ፣ ያን ቀን ኤልቪራን ምን ነበር ያሏት?»

ክራባቱን ፈታ፤ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ግብጦ ተርፎሻል?» አላት።

ወረቀቱን ዘረጋችለት። አንዷን አነሳ፤ ልጣጯን በጥርሱ ገፎ ቀስ ብሎ እያላመጠ ደረጃውን ወጣ።