የትነበርሽና የአስናቀው አጥር

የትነበርሽ አንድ ነገር ካልገባት እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። «ምነው?» ሳትል ውላ አታውቅም። ቄሱንም የቀበሌውን ሊቀመንበርም በዚችው ቃል አድክማቸዋለች። ባሏ እንግዳው ከሞተ ወዲህ ከዳባት ወጣ ብሎ ባለው ደጋ ብቻዋን ትኖራለች፤ የምትተዳደረውም ከቤቷ ጀርባ ባለው ጌሾ ነው። እሷው ኮትኩታ፣ እሷው ቆርጣ፣ ጎንደር ወርዳ ትሸጠዋለች።

ታዲያ አንድ ጠዋት ጎረቤቷ አስናቀው መጥረቢያውን ይዞ መጣና ጌሾውን ወደ ራሱ ከልሎ ያጥር ጀመር። «በሕግ አምላክ!» አለችው። ድሮ ይህን የተባለ ሰው እጁን ይሰበስብ ነበር፤ አስናቀው እቴ! «የአያቴ መሬት ነው» ብሎ ችካሉን ጠቀጠቀው። ወንድሟ «አጥሩን ነቅዬ ልጣልልሽ» ብሎ ቢነሳ፣ «ደም ልታፈስ ነው? ተው!» ብላ ከለከለችውና ፍርድ ቤት ሄደች።

ማመልከቻ ጸሐፊው «ክስሽ ሁከት ይወገድልኝ ነው የሚባለው» አላት።

«ሁከቱስ እሱ ራሱ ነው! ጻፍልኝ» አለች።

ምስክር ስትመርጥ ግን እንደ አገሯ ሰው ነው ያሰበችው። በዚያ አገር የመሬት ክርክር የሚረታው ትውልድ የቆጠረ ነው፤ ትውልድ ቆጣሪ ደግሞ ከአያ ምንዳዬ ወዲያ የለም። ይዛቸው ሄደች። ምን እንደሚሉ አስቀድማ እንኳ አልጠየቀቻቸውም፤ ወይ የዋህነት!

ሽማግሌው ማሉ፤ አፍታተው ቆጠሩ። መጨረሻ ላይ «እንግዲህ እግዜር ያያል፤ ቦታውን ያቀናው የአስናቀው አያት ነው» ብለው አረፉት። የትነበርሽ ክው አለች። የገዛ ምስክሯ! አስናቀው ጢሙን ዳበሰ።

ዳኛው ግን ቀና ብለው «አባቴ፣ የማን ነው አላልኩም። አጥሩ እስኪታጠር ድረስ ጌሾውን ማን ይቆርጥ ነበር?» አሉ።

«እሱንማ እሷ ናት! ሌላ ማን አለ?»

አስናቀውም ሲጠየቅ አልካደም። «እሷ ብትቆርጥም መሬቱ የኔ ነው» አለ።

«እሱን በሌላ ክስ አምጣው። አሁን አጥርህን አንሳ፤ ቦታውን መልስላት» ተብሎ ተፈረደበት።

ሌላ ሰው ቢሆን እልል ብሎ ይወጣ ነበር። የትነበርሽን ግን ነገሩ ከነከናት። «ጌታዬ፣ የሱ ቢሆንም ለኔ ነው የሚመለሰው? ምነው?»

ዳኛው ፈገግ አሉ። «የሱም ቢሆን ሕግ ፊት ቀርቦ ይጠይቅሽ እንጂ በጉልበት አይቀማሽም። አለዚያማ ጉልበተኛ ሁሉ የየራሱ ዳኛ ሊሆን ነው።»

መንገዱን ሁሉ ይህን ስታመነዥክ ሄደች። ዕድሜዋን ሙሉ የማን ልጅ ነሽ፣ የማን ሚስት ነሽ ስትባል ኖራለች፤ እጇ ምን ሲሠራ እንደኖረ የጠየቀ ሰው ይኸው የመጀመሪያው ነው።

አስናቀው አጥሩን የነቀለው እያጉረመረመ ነው። «ቆይ ብቻ! የመሬቱን ክስ እከፍታለሁ። ያኔ አያ ምንዳዬን የምጠራቸው እኔ ነኝ።»

ይህስ እውነቱን ነው። ሽማግሌው ቃላቸውን አያጥፉም፤ ጌሾው ሊሄድባት ይችላል። ታውቀዋለች፤ ፈርታዋለችም።

«ጥራቸው» አለችው። «ዳኛ ልቀቂ ካለኝ እለቃለሁ። አንተ ልቀቂ ስላልከኝ ግን አልለቅም።»

ማጭዷን አነሳችና የመጨረሻው ችካል እስኪነቀል ሳትጠብቅ ጌሾዋ ውስጥ ገባች።