አሜን ያስቆረጠው ሒሳብ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ደንበኛዋን አስለብሳ፣ ወዲህ ወዲያ አዙራ ሳታይ አታስረክብም፤ ትከሻው ላይ ቅር ካላት ፈትታ እንደ አዲስ ትሰፋዋለች። ሲመሽ ታዲያ የስፌት መኪናዋን ሸፍና ስልኳን ታነሳለች። በሌላ ከተማ አልጋ ላይ የዋለች ታላቅ እህት አለቻት። ሁለቱ ከዚያች ስልክ ሌላ መገናኛ የላቸውም።

በቅርቡ ግን ወሬያቸው መሃል ላይ እየተቋረጠ አስቸገረ። አክስቴ ካርድ ትሞላለች፤ ሲነጋ ባዶ ነው። እህትየው የምትዘጋባት መስሏት አኮረፈች። "ከሰለቸሁሽ አትደውይ" አለችና ከዚያ ወዲያ ማንሳቱን ተወችው። አክስቴ ምግብ አልበላ አላት። እኔ ቆሽቴ አርሮ ወደ ስልክ ድርጅቱ ይዣት ሄድኩ፤ ጠረጴዛ ለመገልበጥ ሁሉ ተዘጋጅቼ ነበር።

መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አየ።

"እማማ፣ የዕለት ምክር የሚባል አገልግሎት ላይ ተመዝግበዋል። በየቀኑ ይቆርጣል።"

"እኔ? መቼ?"

"መልስ ልከዋል እኮ። መልስ የላከ እንደተስማማ ነው የሚቆጠረው።"

"ምን ብዬ?"

ጉሮሮውን ጠረገ። "'ቀንዎ የተባረከ ይሁን' የሚል መልእክት ደርሶዎታል። እርስዎ... 'አሜን' ብለዋል።"

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም አመለጠኝ። አክስቴ ግን ፈገግም አላለች።

"ልጄ፣ እናትህ ስትመርቅህ ምን ትላለህ?"

"አሜን።"

"ታስከፍልሃለች?"

ልጁ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ። ምዝገባውን ሰረዘና የተቆረጠው ሁሉ እንደሚመለስ ነገራት። እኔ በቃ አሸነፍን ብዬ ክንዷን ያዝኩ። ንቅንቅ አላለችም።

"ገንዘቡስ ደግ። አሁን ለእህቴ ደውልና ስልኩን የዘጋባት ማን እንደሆነ ንገርልኝ። የእኔን አታነሳም።"

"እንዲህ ያለ አሠራር የለንም፣ እማማ።"

"እኔም ሥራዬን ደንበኛው ላይ ሳላይ አላስረክብም። እጠብቃለሁ።"

አልጮኸችም፤ አልለመነችም። ፈቀቅ ብላ ቆመች፤ አለቀ። ሰው እንዲህ መቆም ይችላል እንዴ! ያ ሁሉ ፉከራዬ የልጅ ጨዋታ ሆኖ ታየኝ። ከኋላ አንድ መጋዝ የያዘ አናጢ "ደውልላቸው እንጂ ወንድሜ!" አለ።

ሠራተኛው የቢሮውን ስልክ አነሳና ደወለ። ቁጥሩን አላወቀችውምና እህትየው አነሳች።

"እማማ፣ ከስልክ ድርጅቱ ነው። የዘጉብዎት እህትዎ አይደሉም። ሳይፈቅዱ ሒሳባቸውን እየቆረጥን ያቋረጥናችሁ እኛ ነን። ይቅርታ ያድርጉልን።"

ከዚያ ልጁ መነጋገሪያውን በመስኮቱ አሾልኮ ለአክስቴ ሰጣት። የእህትየው ለቅሶ እኔ ድረስ ተሰማኝ።

አክስቴ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

"እቴዋ፣ የቱ ጋ ነበር ያቋረጡን?" አለቻት።

ከሰልፉ ውስጥ ቶሎ በይ ያላት ሰው አልነበረም።