ከምንጩ በታች የነበረችው አበባ

ከምንጩ በታች ባለችው የኮሶ ጫካ፣ ክረምቱ ሲጠና ብቻ የምትወጣ ነጭ አበባ ነበረች። ውኃ ልንቀዳ ስንወርድ እኔና እታለም፣ ታላቅ እህቴ፣ እንስራችንን አስቀምጠን እሷን ለማየት እንገባለን። ጉሮሮዋ ወይን ጠጅ ነው፤ ከኋላዋ ቀጭን ረጅም ጅራት አላት። ስሟን ስጠይቅ እታለም "የኛዋ" ብቻ ትለኝ ነበር።

እታለም በጥር ተዳረች። በቅሎ ላይ ስትወጣ አላለቀሰችም፤ የእሷንም ድርሻ እኔ አለቀስኩላት። በተከተለው ክረምት ወደ ጫካዋ ብወርድ አበባዋ የለችም። ሳማ ብቻ። ሁለቱም ተባብረው የከዱኝ መሰለኝና በንዴት ሳማውን ረገጥኩት፤ እሱም ብድሩን መለሰልኝ።

በኋላ በሰፈራው ጊዜ እታለም ከነባሏ ወደ መተማ ቆላ ወረደች። በጣም ናፈቀችኝ። እሷን ማምጣት ካልቻልኩ አበባዋን ፈልጌ ጓሮዬ ልትከል፣ ሲሳካልኝም ልንገራት ብዬ ተነሣሁ። ግን ስሙን የማያውቁት ነገር በምን ይጠየቃል? እረኞቹ "ከብት አይበላውም" አሉኝ፤ የእነሱ ምርምር እዚያ ላይ ያበቃል። የሳይንስ መምህሩ ደግሞ አበባዋን ካላመጣሽ መለየት አልችልም አለኝ። ብትኖረኝ እሱን ምን ልለምን እሄድ ነበር!

አንድ ዓመት ለዘመን መለወጫ ሙጃ ከተማ ገበያ ወጥቼ እንሶስላ ሻጭ ፊት ቆምኩ። ሴቶች እጅና እግራችን ቀለም እንዲይዝ የምንሞቀውን ይህን ቀይ ሥር ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ የማውቀው ግን ተወቅጦ ነው። የዚህች ሴት ገና ጠዋት የተቆፈረ ስለነበር ግንዱ አልተቆረጠም። ጫፉ ላይ የኛዋ ነጭ አበባ ተንጠልጥላለች።

"ይቺ ምንድን ናት?" አልኳት።

"ምን ትሆን! እንሶስላ ናታ። አበባዋን አታውቂም እንዴ፣ አንቺዬ?"

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ለእታለም ሠርግ የተወቀጠው እንሶስላ የኛዋ ሥር ነበር። በጥር ግንዱ ደርቆ ስለነበር ሲቆፍሩት ባየው እንኳ አልለየውም ነበር። የቆፈሩትን ዘመዶቼን በሙሉ በሆዴ ረገምኳቸው። ቤት እስክገባ አላስቻለኝም፤ እዚያው ገበያው መሐል ስልኬን አውጥቼ ለእታለም ደወልኩላት።

"የኛዋን ለሠርግሽ ብለው ከነሥሯ ጨረሷት እኮ!"



"ያለችበትን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ" አለችኝ። "ሰው አገር ስሄድ ይዣት ልሂድ ብዬ ነው።"

"ከዚያስ?"

"እንዳትለቅብኝ ውኃ ላለመንካት ብዙ ታገልኩ፤ ሙሽራ ነኝ እያልኩ። በኋላ አማቴ እንስራ ሰጡኝ። ከመዳፌ ለቀቀች፣ ከእግሬም ለቀቀች። ጥፍሬ ላይ ትንሽ ቀርታ ነበር፤ ጥፍሬ እያደገ እሷንም ወሰዳት።"