ሥራ የናፈቀው እግር

የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በሽተኛውን ያረጋጋል ይባላል። ውሸት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረጋጋው ጎረቤቱ ነው። ዛሬ አርባ ምንጭ፣ መድኃኒት ቤት ደጃፍ፣ አንድ ወጣት ተቀምጦ ያለማቋረጥ መሬት ሲረግጥ አየሁና የጨንቻው ቤታችን ትዝ አለኝ።

ጎረምሳ ሳለሁ ነው። አጎቴ የአእምሮ ሕመሙን ክኒን ከጀመረ ወዲህ እሱ ብቻ የሚሰማው ድምፅ ተወው፤ እግሩ ግን ማረፍ እንቢ አለ። ሸማኔው አያቴ ደስ አለው።

«ሥራ ናፍቆት ነው፤ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ አስቀምጡት!»

ሁሉን አዋቂ ጎረቤቶቻችን እልል አሉ። አጎቴ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ መርገጫውን በእግሩ እየደበደበ ድሩን በጣጠሰው።

«አባ፣ እግሬን እሰርልኝ» አለ እያለቀሰ።

«ሰነፍ!» አለው አያቴ።

ድሩ በማግስቱ ተቀጠለ። አጎቴን ማንም ምን ሆንክ አላለውም።

አንባቢ፣ ቤትህ እንዲህ ያለ ሰው ካለ «ተረጋጋ» አትበለው። እግሩን ዕረፍት የነሳው መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም አትቀማው። ሐኪሙ ዘንድ ውሰደውና እግሩን አሳይ።