ከቀይዋ መኪና ወለል ስር

አባቴን ስትሮክ ግራ ጎኑን መትቶት ከአታት ሆስፒታል ወደ ቡታጅራ ስንመልሰው፣ ሐኪሞቹ አንደበቱ ደህና ነው ብለውን ነበር። እሱ ግን ዝም አለ። "ውሃ ላምጣልህ?" ሲሉት ዓይኑን ይጨፍናል። ያ በቁጣው ክፍሉን ሙሉ ጸጥ የሚያሰኘው መምህር ወደ ግድግዳ ዞሮ መዋል ጀመረ። እውነቴን ነው፣ ከሕመሙ ይልቅ ያስፈራኝ ዝምታው ነበር። እንዲህ እንደተዘጋ ሊሞትብን ነው እያልኩ አለቅስ ነበር።

ከመኝታ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት፣ ቆርቆሮ ዳስ ስር፣ ያቺ ቀይ መኪናው ትቆማለች። የጥንት የእሽቅድምድም መኪና፣ ሁለት በር፣ ሁለት መቀመጫ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። አራት ልጅ የወለደ ሰው ሁለት ወንበር ያላት መኪና ይገዛል? እናቴ የመስቃን ሴት ናት፣ ነገር አታለባብስም፤ "ይህን ብረት አንሳልኝ፣ ጎመን እተክልበታለሁ" ስትል ነው ያደግነው። እሱ ደግሞ እሁድ እሁድ ከስሯ ተጋድሞ ይውላል። ወለሏን ዝገት ስለበላው በገዛ እጁ ላሜራ እየቆረጠ ጠግኖታል።

አንድ ጠዋት ከወልቂጤ ልጠይቀው መጥቼ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ እናቴ ከሰፈሩ ጋራዥ ሁለት መካኒኮች ይዛ ገባች። መስኮቱ አጠገብ ቆማ፣ "በሉ መኪናዋን አንሱልኝ" አለቻቸው ጮክ ብላ። ይቺ "አንሱ" ደግሞ ጉደኛ ቃል ናት፤ ከፍ አድርጉም ናት፣ ከዚህ ውሰዱልኝም ናት። አባቴ የትኛውን እንደሰማ ፊቱ ላይ አየሁ። እንባው ወደ ጆሮው ወረደ።

ደሜ ፈላ። "እማዬ፣ ሰውዬው ሳይሞት ንብረቱን ልታስወጪ ነው?"

"አንቺ ደግሞ! ቆማ ስለከረመች ከፍ ትበልና ስሯ ይታይ ነው ያልኩት። ዞር በይ!"

ሰዎቹ ከጭነት መኪና ስር ውለው የሚያድሩ ናቸው፤ የጭነት መኪና ደግሞ የቱም ጋ ቢደግፉት አይከፋውም። ትልቁን ክሪክ እየገፉ መጡ። መኪናዋ ዝቅ ስላለች አልገባ አላቸው። ጎማዎቿን ሳንቃ ላይ አወጡና አስገቡት፤ ልክ ወለሏ መሃል፣ አባቴ ከጠገነው ላሜራ ስር። እናቴ እጇን አጣምራ ታያለች። ታላቅየው "ቢስሚላህ" ብሎ አንዴ ተጫነ። ላሜራው ሲጥ አለ።

"ኧረ ወለሏን! ወለሏን ልትበሱት ነው፣ እናንተ ጉዶች!"

አባቴ ነው። በቀኝ እጁ የመስኮቱን ብረት ጨብጦ በአንድ እግሩ ቆሟል።

"አውርደው! ከፊት፣ የጎማዋ ክንድ ሻንሲው ላይ ከሚታሰርበት ጋ አስገባው! እንጨት ጣልቃ አድርግ፣ ብረት ለብረት አይገናኝ! የኋላ ጎማዎቿን ድንጋይ አስደግፉ! መደገፊያ ሳታቆም ስሯ ስትገባ እንዳላይህ፤ ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ ማቆያ ነው እንዴ?"

"እሺ ጋሼ፣ አብሽሩ" ይላል መካኒኩ። የአባቴ አፍ ትንሽ ይንሻፈፋል እንጂ ስድቡ ጥርት ያለ ነበር። እኔ እዚያው እየሳቅሁ አለቀስኩ። መኪናዋም ቀስ እያለች ወደ ላይ ወጣች፤ ወለሏ ደህና ነው።

እናቴን ጓሮ ተከተልኳት። "ዳግመኛ ላይነዳት ይህ ሁሉ ልፋት ምን ይሠራል? ክሪኩ የት እንደሚገባስ ለምን አልጠየቅሽውም?"

"ምን ብዬ? ስንት ዓመት ከስሯ ባትሪ ሳበራለት ኖሬ ቦታው ይጠፋኛል? ሰውየውን 'ወለሉ ላይ አንዴ ብቻ ተጫንና ቁም' ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "እንዲቆጣ ነዋ፣ ልጄ። ቁጣው ናፈቀኝ።"

"አንቺ ሴትዮ!" አለ አባቴ ከመስኮቱ፣ ግቢውን በሚያናውጥ ድምፅ።

"አቤት!" ብላ ሮጠች።