ጋን ያስደፋን ቧንቧ

ዛሬ ጠዋት የሰፈራችን አሮጌ የውሃ መስመር ሊቀየር ነው ተብሎ መንገዱ ሲቆፈር፣ የእርጥብ አፈርና የዛገ ብረት ሽታ ግቢዬ ድረስ ገባ። አንድ ወጣት መሐንዲስ ደጄ ላይ ቆሞ፣ «እማማ፣ አዲሱ መስመር ለእሳት አደጋም ይበቃል፤ ከእንግዲህ አያስቡ» አለኝ። ልጁ ምን አጠፋ! ግን ይህን ቃል ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ክልሉ ገና በተቋቋመበት ጊዜ፣ የቢሮዎቹ ታፔላ ቀለም ሳይደርቅ፣ የሣር ጣሪያዎች ትከሻ ለትከሻ በተጠጋጉበት በዚሁ በጋምቤላ ሰፈር እንኖር ነበር። በጋው ጠንቶ የከተማው ዳር ሣር መቃጠል ሲጀምር፣ እያንዳንዱ ቤት ደጃፉ ላይ አንድ ጋን ውሃ ሞልቶ ያስቀምጣል። ያ ውሃ አይጠጣም፣ አይታጠቡበትም፤ የእሳት ውሃ ነው። ከባሮ ወንዝ እየተመላለስን የምንሞላው እኛ ሴቶች ልጆች ነበርን። የጋኖቹ ሁሉ አለቃ ደግሞ ጎረቤታችን እትዬ አሪየት ነበረች፤ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ አኙዋክ ሴት፣ በየጠዋቱ በየደጁ እየዞረች ጣቷን ነክራ የምትለካ። አንድ ቀን በእኛ ጋን ውሃ እግሬን ስታጠብ ይዛኝ፣ ለእናቴ ሳትናገር ሦስት ጊዜ ባሮ አመላለሰችኝ። እግዜር ይይላት፣ እስከ ዛሬ ወገቤን ያመኛል!

አባቴ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። «ይህ ቀጭን መስመር እሳት ቢነሳ ምራቅ አይተፋም» እያለ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቶ ወፍራም ቧንቧ አስመጣ፤ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ቆፈረለት። በየግቢው ቧንቧ ገባ፤ መንገዱ ማዕዘን ላይ ደግሞ ለእሳት የሚሆን ቀይ ትልቅ ማውጫ ተተከለ። የተከፈተ ቀን ውሃው ከጣሪያ በላይ ሲወነጨፍ አባቴ ራሱን መግዛት አቃተው፤ ከቤት ቤት እየዞረ ጋኖቹን በገዛ እጁ ይደፋ ጀመር።

አሪየት ጋኗ ፊት ቆመች። «የሰናይት አባት፣ ይሄ ብረት ቢታመምስ?» አለችው፣ እንደ ልማዷ በእኔ ስም ጠርታ።

«እኔ እያለሁ? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!» አላት። የተወለድነው እኛ አጠገቡ ቆመን እንሰማለን። አሪየት ትንሽ አየችውና፣ ቃሉን አምና ራሷ ደፋችው።

ቧንቧው አዲስ ቢሆንም፣ ውሃውን የሚያጠራቅመው የከተማው ታንከር አሮጌና ትንሽ ነበር። አባቴ ይህን ያውቃል፤ ትልቁ በቅርቡ ይመጣል ስላሉት ግን አመነ። አልመጣም። በሚቀጥለው በጋ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ነፋስ ያመጣው ፍም አሪየት ጣሪያ ላይ አረፈ። አባቴ ሮጦ ቀዩን ማውጫ ከፈተው፤ ውሃው ግን ወጣ ብሎ ሞተ። ለካስ ጭሱን ያየ ሁሉ የግቢውን ቧንቧ ከፍቶ የራሱን ጣሪያ ያርሳል። እናቴም እያራሰች ነበር። ቧንቧው አየር እየሳለ ቀረ፤ በየደጁ አንድ ጋን የለ። ከባሮ ቀድተን ስንደርስ ጣሪያው ወድቋል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ነበሩ፣ ተመስገን።

አባቴ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። አሪየት መጥታ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «ተው፣ የሰናይት አባት። ሰው አልሞተም» አለችው። አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣትም፤ ምነው በሰደበችው!

ልጆቿን ይዛ አቦቦ ወረዳ ወደሚኖረው ወንድሟ ዘንድ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ደጃችን የሚመጣ ሰው አጣን፤ የአባቴንም ያን ጮክ ያለ ድምፅ አጣን። ነገ ዝናብ ይመጣል ወይ ብለን ስንጠይቀው እንኳ «እንጃ» ይላል።

እሷ ግን በየዓመቱ በመኪና አንድ ጆንያ ማንጎ ትልክልን ነበር። እኛ እንሻማለን፤ እናቴ ልጣ ስታቀርብለት አባቴ «ለልጆቹ» ብሎ ሳህኑን ይገፋል። እስኪሞት ድረስ አንዲት እንኳ አልቀመሰም።